ስለ ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚነገረው ፍርሃትና የሐረር ማድ ቤት እውነተኛ አደጋ

በሐረር ከተማ፣ በጁገል ቅጥር ውስጥም ሆነ ከሸዋ በር ውጭ በተስፋፋው አዲሱ ሠፈር፣ ምግብ የሚበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ነው። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን ነበልባልም ፍምም የማይታይበት ሌላ ምድጃ በአንዳንድ ቤቶች ገብቷል። ይኸውም ማይክሮዌቭ የሚባለው ነው። ከነዚህ ምድጃዎች አንዳንዶቹ በቶሮንቶና በዋሽንግተን የሚኖሩ የከተማው ተወላጆች ለወላጆቻቸው ያመጧቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በጅጅጋና በድሬዳዋ በኩል ከሚገባው ዕቃ የተገዙ ናቸው።

ምድጃው ሲገባ ወሬውም ተከትሎት ገብቷል። የወሬው ዓይነት ብዙ ቢሆንም በአራት ነገር ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ምግቡ ጨረር ይዞ ይቀራል ይባላል። ሁለተኛ፣ ለሰውነት የሚጠቅመው የምግቡ ኃይል ይሞታል ይባላል። ሦስተኛ፣ ከምድጃው የሚያፈተልከው ጨረር የነቀርሳ በሽታ፣ ማለት ካንሰር፣ ያመጣል ይባላል። አራተኛ፣ በውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ስለ ደረሱበት ፍርድ ቤት ሳይቀር መስክሮላቸዋል፣ የሩሲያ መንግሥትም ምድጃውን ከልክሎታል ይባላል። ከዚህም የተነሣ ዕቃው ከመጣ በኋላ የሳህን ማስቀመጫ ሆኖ ሲቀር፣ ወጡም እንደ ቀድሞው በዝግ ማድ ቤት በከሰል ሲሞቅ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምድጃውን ለማሞገስ አይደለም። ሰው የሚፈራው ነገርና ሰውን የሚጎዳው ነገር ሲለያዩ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚከተል ለማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የምድጃው አሠራር

የማይክሮዌቭ ምድጃ የጦርነት ዘመን ልጅ ነው። በ1940 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ራንዳልና ቡት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ማግኔትሮን የሚባለውን መሣሪያ እጅግ ብርቱ አድርገው አሻሻሉት። መሣሪያው የጠላትን አውሮፕላን ከሩቅ ለሚያየው ለራዳር የሚሆን ሞገድ የሚያመነጭ ነው። በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሬይቴዎን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር ከማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የያዘው ጣፋጭ ሲቀልጥ በማየቱ፣ ይህ ሞገድ ምግብ ሊያሞቅ እንደሚችል ተረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ትልቅ ቁም ሣጥን መሳይ ነበር። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቤት ምድጃ በአሜሪካ በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ1967 ዓ.ም. ነው።

በምድጃው ውስጥ ያለው ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በምግብ ውስጥ የሚገኘው የውሃ ሞለኪውል በአንድ ጎኑ አዎንታዊ፣ በሌላው ጎኑ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጠባይ አለው። ሞገዱ አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር ሞለኪውሉም አብሮ ለመዞር ይታገላል፤ ከጎረቤቱም ጋር ይጋጫል። ከዚህ ግጭት ሙቀት ይፈጠራል። ስለዚህ ውሃ ያለበት ወጥ ፈጥኖ ሲሞቅ፣ ደረቁ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ግን ከምግቡ የሚደርሰውን ሙቀት ብቻ ይቀበላል። ሞገዱ ወደ ምግቡ ውስጥ በብርቱ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መካከሉ የሚሞቀው ሙቀት ከዳር ወደ ውስጥ እየተላለፈ ነው።

ለፍርሃቱ ዋናው ምክንያት ጨረር የሚለው ቃል ይመስላል። በአማርኛችን የፀሐይ ብርሃንም ጨረር ይባላል፤ በሆስፒታል የምንነሣው ራጅም ጨረር ነው፤ የአቶሚክ ቦምብ የሚተፋውም ጨረር ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ኃይሉ አንድ አይደለም። ሕዋስን ሊያበላሽና ነቀርሳ ሊያመጣ የሚችለው የራጅ ዓይነቱ ጨረር፣ እያንዳንዱ ቅንጣቱ ኤሌክትሮንን ከአቶም ነቅሎ የሚያወጣ ኃይል የያዘ ነው። የማይክሮዌቭ ቅንጣት ግን እንኳን ከራጅ ከሚታየው ብርሃን እንኳ እጅግ ያነሰ ኃይል አለው። በማለዳ በኤረር በር በኩል የሚገባው የፀሐይ ብርሃን፣ ቅንጣት በቅንጣት ሲመዘን፣ ከምድጃው ሞገድ ከ200,000 እጥፍ የበለጠ ኃይል አለው። ማይክሮዌቭ ማሞቅ ይችላል፤ አቶምን መስበር ግን አይችልም።

አራቱ አቤቱታዎች ሲመረመሩ

ምግቡ ጨረር ይዞ ይቀራል የሚለው አቤቱታ በአንድ ምሳሌ ሊመለስ ይችላል። ማታ ኩራዝ ወይም አምፖል ስናጠፋ ብርሃኑ በግድግዳው ውስጥ ተደብቆ አያድርም። የምድጃው በር በተከፈተ ጊዜም ማግኔትሮኑ ወዲያው ስለሚቋረጥ ሞገዱ ያን ጊዜውን ያልቃል። በሳህኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስለ ምግብ ኃይል የሚነገረው ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ከነልኩ መናገር ያስፈልጋል። ምግብ በማናቸውም መንገድ ሲበስል ጥቂት ነገር ያጣል። ቫይታሚን ሲ ለምሳሌ ያህል በውሃ የሚሟሟና ለረጅም ሙቀት የማይጸና ነው። ስለዚህ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ የተቀቀለ አትክልት ብዙ ያጣል፤ በጥቂት ውሃ በአጭር ጊዜ የሞቀ ግን አብዛኛውን ይዞ ይቀራል። ማይክሮዌቭ የሚሠራው በአጭር ጊዜ በመሆኑ በዚህ በኩል ከድስት የተሻለ እንጂ የከፋ አይደለም። ተቃዋሚዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት በ2003 ዓ.ም. በስፔን አገር ብሮኮሊ በሚባል አትክልት ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። በዚያ ሙከራ አትክልቱ በማይክሮዌቭ ሲበስል ፍላቮኖይድ ከተባሉት ንጥረ ነገሮች 97 በመቶው ጠፋ ተብሏል። ዳሩ ግን አትክልቱ የበሰለው ውሃ ተጨምሮበት ነበር፤ ንጥረ ነገሩም በውሃ የሚሟሟ ነው። እንዲሁም በ1998 ዓ.ም. በጃፓን በተደረገ ምርመራ በወተትና በሥጋ ያለው ቫይታሚን ቢ12 በማይክሮዌቭ በተሞቀ ጊዜ በከፊል መቀነሱ ታይቷል። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም መቀነስ ሌላ፣ ወደ መርዝ መለወጥ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ከምድጃው ስለሚያፈተልከው ሞገድ የሚነገረው ነው። በመስኮቱ ላይ የምናየው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ሲሆኑ ሞገዱ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስላለው በዚያ ማለፍ አይችልም። ብርሃን ግን ሞገዱ እጅግ አጭር ስለሆነ ያልፋል፤ ስለዚህ ወጡን እያየነው ሞገዱ አይደርስብንም። በአሜሪካ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ደንብ፣ አንድ ምድጃ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ከገጹ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ዋት በላይ እንዲያፈተልክ አይፈቀድለትም። የቀትር ፀሐይ በካሬ ሴንቲ ሜትር የምታወርደው ኃይል ግን ወደ 100 ሚሊ ዋት ይጠጋል። ደግሞም ሰው ከምድጃው ግማሽ ሜትር ሲርቅ የሚደርስበት ኃይል በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ከነበረው ወደ መቶኛው እጅ ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2011 ዓ.ም. የሬዲዮ ሞገዶችን በጠቅላላው ነቀርሳ ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል በሚለው በ2ቢ ክፍል መድቧቸዋል የሚል ተከራካሪ ይነሣል። እውነት ነው፤ መድቧቸዋል። ምክንያቱም በተለይ ከራስ ጋር ተጠግቶ የሚያዘው የተንቀሳቃሽ ስልክ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ይህ ክፍል ማስረጃው ያልተሟላ ነገር የሚቀመጥበት ነው። ለሐረር ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልገውም፤ የሐረር ቡና ራሱ፣ ማለት ቡና በጠቅላላው፣ ለፊኛ ነቀርሳ ያሰጋ ይሆናል ተብሎ ከ1991 ዓ.ም. እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በዚያው በ2ቢ ክፍል ተመዝግቦ ቈይቷል። በመጨረሻ ማስረጃው እንደ ገና ሲመረመር ከክፍሉ ወጥቷል። በነዚያ 25 ዓመታት ሁሉ በዚህ ከተማ ረከቦት ያነሣ ሰው አልተሰማም።

አራተኛው የፍርድ ቤቱ ታሪክ ነው። በስዊስ አገር ሃንስ ሄርተል የተባለ ሰው በማይክሮዌቭ የበሰለ ምግብ የሰውን ደም ይለውጣል ብሎ በ1992 ዓ.ም. አሳወቀ። ምርመራው የተደረገው በስምንት ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። አብሮት የሠራው በርናር ብላን የተባለው ሊቅ እንኳ ሄርተል ከውጤቱ ካወጣው ትርጓሜ ራሱን አራቀ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር ስለ ከሰሰው የስዊስ ፍርድ ቤት በ1993 ዓ.ም. ይህን አባባል እንዳይደግም ከለከለው። እርሱም ይግባኝ እያለ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ዓ.ም. ተፈረደለት። እንግዲህ ወሬው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ የፈረደው ሄርተል ሐሳቡን የመናገር መብት እንዳለው ነው፤ ምግቡ ይጎዳል ብሎ አልፈረደም። መናገር መፈቀዱና የተነገረው እውነት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ሩሲያም የሚባለው እንዲሁ ነው። የሶቭየት መንግሥት ሠራተኞች ሊደርስባቸው ስለሚችለው ሞገድ ከአሜሪካ እጅግ የጠበቀ ልክ አውጥቶ ነበር፤ ምድጃውን ግን አልከለከለም። በ1980ዎቹ ዓመታት የዚያው አገር ፋብሪካዎች ራሳቸው ለቤት የሚሆን የማይክሮዌቭ ምድጃ ይሠሩ ነበር።

የጓያ እንፋሎት

ከድስት በሚወጣ በማይታይ ነገር መፍራት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወደ ሐረር ከመመለሳችን በፊት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያለውን አንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በደምቢያ፣ በፎገራና በደላንታ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከሌላው እህል ይልቅ ጸንቶ የሚያፈራው ጓያ ነው። ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት የበላ ሰው እግሩ ይሰላል፤ ከዚያም ወዲያ አይድንም። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታ በሽታው ብዙ ሰው አጥቅቷል።

በገጠሩ የቈየው እምነት ግን በሽታው የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም በጓያ ገለባ ላይ ከመተኛት ነው የሚል ነው። ስለዚህ ሰዎች ከእንፋሎቱ እየተጠነቀቁ ጓያውን ይበሉታል። መርዙ ግን በእንፋሎቱ ውስጥ የለም፤ በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ፍሬውን በውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላም እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ከዚህ የምንማረው ሕዝቡ ያለ ምክንያት ፈሪ መሆኑን አይደለም። ሕዝቡ አንድ አደጋ መኖሩን በትክክል አውቋል፤ ያለበትን ስፍራ ግን አልለየም። ስፍራውን የሳተ ፍርሃት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ከማይጎዳው ያሸሻል፤ ከሚጎዳው ግን አያስጠነቅቅም።

ምድጃው በእርግጥ የሚጎዳበት ጊዜ

የማይክሮዌቭ ምድጃም ልብ ሊባሉ የሚገባቸው አደጋዎች አሉት። እነዚህ ግን በወሬው ውስጥ የማይነሡት ናቸው።

1ኛ/ ምግቡ እኩል አይሞቅም። ዳሩ ሲፋጅ መካከሉ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ያደረ ሥጋ ወይም ወጥ መካከሉ 70 ዲግሪ ካልደረሰ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አይሞቱም። ስለዚህ በመካከሉ ማማሰልና ከወጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የሕፃን ጡጦም ውጪው ለብ ብሎ ሳለ ውስጡ የሕፃኑን አፍ ሊያቃጥል ስለሚችል በዚህ ምድጃ ባይሞቅ ይሻላል።

2ኛ/ ውሃ ሳይፈላ ከመፍያው ልክ ሊያልፍ ይችላል። በሐረር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በለስላሳ ኩባያ ብቻውን የሞቀ ውሃ ግን አረፋ ሳያሳይ ከዚህ ሊበልጥና ማንኪያ ወይም ቡና ሲገባበት ድንገት ገንፍሎ እጅና ፊት ሊያቃጥል ይችላል።

3ኛ/ ከአሜሪካና ከካናዳ የሚመጣው ምድጃ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም የኸርዙ ልዩነት አይስተካከልም። በዚህም ምክንያት በተለመደው ዓይነት ምድጃ ውስጥ ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ከልኩ በላይ እየጋለ ሊቃጠል ይችላል። በውጭ የሚኖር ዘመድ ስጦታ ከመላኩ በፊት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

4ኛ/ ከሁሉ የሚከፋው አደጋ የሚጠብቀው ምግብ አብሳዩን ሳይሆን ዕቃ ጠጋኙን ነው። በምድጃው ውስጥ ካፓሲተር የሚባል የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አለ። ይህም ገመዱ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቈይ ይችላል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን የለመደ ወጣት ይህን ሳያውቅ ክዳኑን ቢከፍት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲሁም በሩ የተጣመመ፣ ማጠፊያው የላላ ወይም መስኮቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ምድጃ ሞገዱን በሚገባ ስለማያግድ መገዛት የለበትም።

የሚታየው ጭስና የማይታየው መርዝ

አሁን በምድጃው ፈንታ ወደምንመርጠው እሳት እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 ዓ.ም. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በቤት ውስጥ ማብሰያ ጭስ ምክንያት ሞቷል። ሞቱ የሚመጣው በሳንባ ምች፣ በልብ በሽታ፣ በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መርጋት፣ በቈየ የሳንባ ሕመምና በሳንባ ነቀርሳ ነው። የሬዲዮ ሞገድን በ2ቢ ክፍል የመደበው ያው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስን የመደበው ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ባለው በ2ኤ ክፍል ነው። ወሬው የመጀመሪያውን ያስተጋባል፤ ሁለተኛውን ግን የሚያነሣው የለም።

የድርጅቱ የ2021 ዓ.ም. መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰው የሚተነፍሰው አየር በአንድ ሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮ ግራም የበለጠ ረቂቅ ብናኝ እንዳይኖርበት ይመክራል። እንጨት በሚነድበት ዝግ ማድ ቤት ግን ይህ ቍጥር ወደ ብዙ መቶዎች ይወጣል። ይህንንም በየቀኑ የሚተነፍሱት እናቶች፣ በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናትና የቤት ሠራተኞች ናቸው።

ከሰል ጭሱ ጥቂት ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ራሱ ከቈላው ያነሰ ኦክስጅን አለው። በብርድ ወራት ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነሣ ስለ መቅረቱ በአገራችን ስንት ጊዜ ሰምተናል። ማይክሮዌቭን የማይታይ ነው ብለን ከፈራነው፣ ከሁሉ በፊት ልንፈራው የሚገባን የማይታይ ነገር ይህ ነው።

እርግጥ ማይክሮዌቭ እንጀራ አይጋግርም፤ መብራትም ሲጠፋ አይሠራም፤ ዋጋውም ለሁሉ የሚደረስ አይደለም። ለሐረር ማድ ቤት ዋናው መድኃኒት እርሱ ነው ለማለት አልደፍርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ጭስ የሚያወጣ መስኮትና ጭስ ማውጫ ከዚህ ይቀድማሉ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማይክሮዌቭ ሁለትና ሦስት እጥፍ የበለጠ ኤሌክትሪክ እየበላ በቤታችን ሲሠራ ማንም አልሸሸውም፤ ስለለመድነው ነው። የለመድነውን ማመን ያላየነውንም መጠርጠር የሰው ጠባይ ነው። የተማሪ ሥራ ግን መለካት ነው።

ስለዚህ ለባልንጀሮቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጁገል ውስጥ በግቢ ዙሪያ ተጠጋግተው የተሠሩትን ቤቶች ከአዲሱ ከተማ ቤቶች ጋር እያነጻጸርን፣ በየማድ ቤቱ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድና የብናኝ ልክ በምሳና በእራት ሰዓት ብንመዘግብ፣ በገበያ ከሚሸጡት አሮጌ ማይክሮዌቭ ምድጃዎችም የሚያፈተልከውን ሞገድ በመለኪያ ብናይ፣ ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ለእናቶቻችን የምንነግራቸው ነገር አትፍሩ የሚል ባዶ ቃል አይሆንም። የትኛውን ምን ያህል መፍራት እንዳለባቸው በቍጥር ልናሳያቸው እንችላለን። እስከዚያው ድረስ ግን ከሰል ስታቀጣጥሉ በሩን ክፈቱ ብሎ መንገር መለኪያ አይጠይቅም።